በጎችን ለክረምት እንዴት እናዘጋጃለን?

ግንቦት ሲጋመስ ወገራና ደባርቅ ላይ የሁሉም ሐሳብ እርሻው ነው። በጎቹ ይረሳሉ። ሐምሌ ላይ ማሳል ሲጀምሩ ብርዱን እንወቅሳለን። በግ ግን ፀጉሩ ደረቅ ከሆነ የደጋን ብርድ ይችለዋል። የሚገድለው እርጥበትና የታፈነ አየር ነው።

ጣሪያው ካፈሰሰ ሰኔ ሳይገባ ይጠገን። በጉረኖው ዙሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር።

ዋናው ነገር ግድግዳው ነው። ብዙ ሰው ብርድ እንዳይገባ ብሎ እስከ ጣሪያ ድረስ በጭቃ ይመርገዋል። ያኔ ሌሊት የበጎቹ ትንፋሽ መውጫ ያጣል። ቆርቆሮው ላይ ውሃ ይሆንና መልሶ ጀርባቸው ላይ ይንጠባጠባል። ከሥር ደግሞ ሽንትና በጠጡ ሲብላላ አሞኒያ ያወጣል፤ ሳንባቸውን የሚያቆስለው እሱ ነው።

ስለዚህ ከታች እስከ በጉ ራስ በላይ ድረስ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ምረጉ። ከዚያ በላይ፣ ወጨፎ በማይመጣበት በኩል፣ ሁለት ስንዝር ያህል ክፍት ተዉ። አውሬ እንዳይገባ በእንጨት ርብራብ ይዘጋ። ጠዋት በሩን እንደከፈታችሁ ቁጢጥ ብላችሁ በበጉ አፍንጫ ቁመት አሽትቱ። ቆሞ ማሽተት ያታልላል። ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ንጣፉን ጥረጉና ደረቅ ገለባ አልብሱ።

ቀጥሎ የጉበት ትል። ረግረግ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ አልፎ ሣሩ ላይ ይጣበቃል፤ በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ክኒን መግዛትን አጥብቄ እቃወማለሁ። የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። አልቤንዳዞል የሚገድለው የጎለመሰውን የጉበት ትል ብቻ ነው፤ ትሪክላቤንዳዞል ግን ለጋውንም ይገድላል። አልቤንዳዞል ገና ላረገዘች በግ አይሰጥም፤ ጽንሱን ይጎዳል። ፈሳሽ መድኃኒት ስታጠጡ አንገቷን ወደ ላይ አትጠምዝዙ፤ ወደ ሳንባ ይገባል።

በጥቅምትና በኅዳር የታጨደ ድርቆሽ ካላችሁ መሬት ሳይነካ ቆጥ ላይ ይቀመጥ። የሻገተውን ሳትሳሱ ጣሉት። የባቄላ ገለባ ካለ ለሚያጠቡት ይቆይ፤ ከገብስ ገለባ ይሻላቸዋል። አሞሌ ጨውም ዝናብ የማያገኘው ቦታ ይንጠልጠል።

ሰኮና የሚከረከመው ዝናቡ ሳይጠነክር ነው። ያደገ ሰኮና ከሥሩ ጭቃ ይይዝና ይበሰብሳል። ስትቆርጡ ሮዝ ቀለም ብቅ ሲል አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ደም ነው። የምታነክስ በግ ካለች ለብቻዋ እሰሯት፤ ቢላውንም ሳታጥቡ ወደ ሌላ በግ አትሂዱ።