የአሮጌ ናፍጣ መኪና ፖምፓ ላይ ብሎን ከማዞራችሁ በፊት

አሮጌ አይሱዙ ዳገት ላይ ሲያቃስት ያየ ሁሉ መካኒክ ነው። «ፖምፓው ላይ ትንሽ ጨምርለት» ይላል፤ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ማለቱ ነው። መጨመሩ ቀላል ነው፤ ካቻቢቴና ቁልፍ ይበቃል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የናፍጣ ሞተር አየር የቻለውን ያህል ይስባል። ጉልበቱን የሚወስነው የሚረጨው ናፍጣ ነው። ፖምፓው ላይ ያለችው ብሎን ትልቁን የናፍጣ መጠን ትወስናለች እንጂ አየር አትጨምርም። አየር ያጣ ናፍጣ ጥቁር ጭስና ሙቀት ይሆናል። የኛ ዳገት ደግሞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚፈልገው ያነሰ ናፍጣ ነው፣ የበዛ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ብሎኗን እርሷት። የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። የናፍጣ ፊልትሮውንም ቀይሩ፣ የተጠራቀመውን ውሃ አፍስሱ። የሰልባትዮውን (የናፍጣ ማጠራቀሚያውን) ክዳን ላላ አድርጋችሁ ትንሽ ንዱ። ጉልበቱ ከተመለሰ የታፈነው የክዳኑ መተንፈሻ ነው፤ በነጻ ተገላገላችሁ። ቀጥሎ ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈትሹ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ያልቃል።

ካላለቀ ፖምፓውን አስፈትታችሁ መፈተሻ ማሽን ያለው ቤት ውሰዱት። ለየሲሊንደሩ የሚሄደው ናፍጣ በልክ የሚታየው እዚያ ብቻ ነው። በጆሮ አይለካም፣ የሚለካ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው እንጂ።

አይ፣ ራሴ እነካዋለሁ ካላችሁ፣ ብሎኗ ያለችበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። ከአንድ ስምንተኛ ዙር በላይ አታዙሩ። አንዳንድ ፖምፓ ላይ ብሎኗ ከልክ ካለፈች ሞተሩ እግር ሲነሳለት አይወርድም፤ እየጮኸ ይሄዳል። ቁልፍ ማጥፋት ላያቆመው ይችላል። የአየር መሳቢያውን አፍ የሚገጥም ጠፍጣፋ ጣውላ አጠገባችሁ ይኑር። በእጅ መክደን ግን አይሞከርም። የሞተሩን ፍጥነት የምትገድበውን፣ በሽቦና በእርሳስ የታሸገችውን ሌላዋን ብሎን ጨርሶ አትንኩ።

ወደ ኖዝል የሚሄደው ቱቦ ካፈሰሰም በጣት አትዳብሱት። ግፊቱ ከ100 ባር ያልፋል፣ ናፍጣውን ቆዳ ውስጥ ያስገባዋል። ቆዳችሁ ላይ ያለችው ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ብታክልም ያው ወደ ሆስፒታል ነው፤ እስኪያብጥ አይጠበቅም።

ብሎኗን ካዞራችሁ በኋላ ጭነት ይዛችሁ ዳገት ሞክሩ። ጥቁር ጭስ ከቀጠለ ናፍጣው በዝቷል። በዚያው ረጅም ዳገት ከተወጣ የአሉሚኒየም ፒስቶን ይቀልጣል፣ ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል፣ ቴስታታ (የሞተሩ ክዳን) ይሰነጠቃል። ፍሪሲዮኑም ለዚያ ጉልበት አልተሠራም። ያልተቃጠለው ናፍጣ ደግሞ የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ለተወሰኑ ቀናት ጠዋት ጠዋት የዘይት መለኪያውን ምዘዙ። ዘይቱ ከነበረበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ዘይቱን ቀይሩ፤ ብሎኗንም ወደ ምልክቷ መልሷት።