ትሎቹ አረንጓዴ ፈሳሽ ሲያስመልሱ

ማታ ደህና የነበሩ የሐር ትሎች ጠዋት አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ ሲወዘውዙ፣ ከአፋቸውም አረንጓዴ ፈሳሽ ሲወርድ ካያችሁ ቶሎ «በሽታ ገባ» አትበሉ። በሽታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰፌድ ይነሳና ቀስ እያለ ይዛመታል። ያንኑ ቅጠል የበሉት ሁሉ አንድ ላይ ከወደቁ ግን ቅጠሉ ላይ ያረፈ የፀረ ተባይ መርዝ ጠርጥሩ።

መርዙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጎረቤት ማሳ ነው። ቲማቲም ወይም ጫት ሲረጭ ነፋስ ለትሎቹ ቅጠሉን የምንቆርጥበት ጉሎ ላይ ያሳርፈዋል። ቅጠሉ ሲያዩት ጤነኛ ነው። እኔም አንድ ዙር ሙሉ ያለቀብኝ እንዲህ ባለ ለምለም ቅጠል ነው። ትሎች ሲበሉ ድምፃቸው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስላል። የዚያን ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ቤቱ ጭር ብሏል።

ቅጠሉን ወዲያው አንሱ፤ ከሥራቸው የተነጠፈውንም ጭምር። ትሎቹን ወደ ንጹሕ ሰፌድ አዛውሩና አየር የሚገባበት ጥላ ውስጥ አኑሯቸው። ከሌላ ቦታ የተቆረጠ ቅጠል ስጧቸው። ጥቂት የቀመሱት ያገግማሉ፤ ሁሉም ግን አይተርፉም። ከዚያ ማሳ እንደገና ስትቆርጡ መጀመሪያ ለአሥር ትል ብቻ አብሉና አንድ ቀን ጠብቁ።

ቅጠሉ ንጹሕ ሆኖም ከሞቱ ቤቱን ፈትሹ። የትንኝ ስፕሬይ፣ የሲጋራና የከሰል ጭስ ይጎዳቸዋል። ቆላ ላይ ለወባ ግድግዳ የሚረጨው መድኃኒት ደግሞ ለወራት እንዲቆይ ተብሎ የተሠራ ነው። ለትሎቹ ስትሉ ግን «ቤቴ አይረጭ» እንዳትሉ! የልጆቻችሁ ጤና ይቀድማል። ለትሎቹ ለብቻው ጎጆ ቀልሱላቸው፤ ሰፌዶቹንም ከርጭቱ በፊት አውጡ።

ሞት ሳይኖር እድገታቸው ከተበላለጠ፣ ቆዳ መለወጥ ካቃታቸው፣ በሰውነታቸው መገጣጠሚያ ላይም ጥቁር ቀለበት ከታየ በአቅራቢያ የጡብ ምድጃ መኖሩን እዩ። ከጭሱ የሚወጣው ፍሎራይድ የተባለ ለትሎቹ መርዝ የሆነ ንጥረ ነገር ቅጠል ላይ ይጠራቀማል፤ በተለይ ዝናብ ሲጠፋና ቅጠሉ ሲያረጅ። በቻይናዋ ዠጂያንግ ትል በሚረባበት ሰሞን ምድጃዎች እንዲያቆሙ የተደረገው ለዚህ ነው። እኛ ማድረግ የምንችለው ቅጠሉን ከምድጃው ራቅ ካለ ቦታ ማምጣት ነው። ካልሆነም በንጹሕ ውኃ አጥበን፣ አጠንፍፈን መስጠት። የመንገድ ዳር አቧራ ያለበትም እንዲሁ ይታጠብ።

ትሉ ጠግቦ፣ ወፍሮ፣ ቀኑ አልፎም ድር ካልጀመረ የነፍሳትን እድገት የሚያውክ ፀረ ተባይ ነክቶት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዙር መድኃኒት የለውም። ለሚቀጥለው ግን የቅጠሉን ቦታ ለውጡ። ጎረቤታችሁንም የሚረጭበትን ቀን ቀድሞ እንዲነግራችሁ ለምኑት።