ለትከሻና ለአንገት ሕመም አኩፓንክቸር እንዴት ይደረጋል

ደብረ ማርቆስ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን በመርፌ ነው የኖርኩት፤ መወጋት ግን እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ቀኝ ትከሻዬ ድንጋይ ሆኖ ሕመሙ እስከ ጆሮ ግንዴ ሲወጣ እናቴ «መጋኛ ነው» አለች፤ ጎረቤት «ብርድ መቶህ ነው» አለ። ቅባቱም ዋግምቱም ተሞከረ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ሄጄ አኩፓንክቸር ጀመርኩ፤ በቀጫጭን መርፌ ሰውነትን እየወጉ ሕመም የሚያስታግሱበት ሕክምና ነው። ተሽሎኛል፤ የመጀመሪያውን ቀን ግን በራሴ ጥፋት አበላሽቼዋለሁ።

መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። እጅ የሚያደነዝዝ፣ ትኩሳት ያለው፣ ከውድቀት በኋላ የመጣ ወይም ከደረት ተነሥቶ ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም በመርፌ አይጀመርም።

ቀጥሎ ባለሙያ ምረጡ። የጤና ትምህርት የተማረ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴና በማሸት የሚያክም ባለሙያ) ይሁን። መርፌው ከነማሸጊያው መጥቶ ፊታችሁ ይከፈት፤ አንዴ ከተወጋ ይጣላል። «ቀቅለነዋል» የሚል ካጋጠማችሁ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ፤ ሄፓታይተስ ቢም ኤችአይቪም በመርፌ ይተላለፋሉ። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ልባችሁ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) የተገጠመላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

መርፌው ራሱ አያስፈራም። ካኪ ሱሪ የምሰፋበት ቁጥር 90 የመኪና መርፌ ውፍረቱ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። የአኩፓንክቸሩ ብዙውን ጊዜ 0.25 አካባቢ ነው። ቀዳዳ የለውም፤ መድኃኒትም አይገባበትም።

ትልቁ ጣጣ ቦታውን ማግኘት ነው። «የት ነው የሚያምህ?» ስባል ጆሮ ግንዴን አሳየሁ። የሚያመኝ እዚያ ነዋ! ባለሙያዋ ግን ትከሻዬን ጨመቅ ስታደርገው ጆሮ ግንዴ ነደደ። ጡንቻ ውስጥ ያለ ቋጠሮ ሕመሙን ወደ ሌላ ቦታ ይልካል። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ራሳችሁ ፈልጉት። ተቀመጡና የሚያማችሁን ወገን ክንድ ጭናችሁ ላይ ጣሉት፤ ጡንቻው ይላላ። በሌላው እጃችሁ በአንገትና በትከሻ መካከል ያለውን ሥጋ በአውራ ጣትና በሁለት ጣት ያዙት፤ ጨርቅ ስትገዙ እንደምታሹት አሹት። ለስላሳው ሥጋ ውስጥ የተወጠረ ነገር ይዳሰሳችኋል፤ በፒጃማ ወገብ ውስጥ እንዳለፈ ገመድ ማለት ነው።

ገመዱን በጣት ተከተሉት። አንድ ቦታ ላይ ወፈር ይላል፤ ሲነኩት «ውይ!» ያሰኛል። እዚያ ላይ ተጭናችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። የምታውቁት ሕመም፣ ያው ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ ከመጣ፣ አገኛችሁት። ሌላ ዓይነት ሕመም ከሆነ እለፉት፤ ጡንቻን አጥብቀው ከተጫኑት የትም ያማል። ከዚያ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። እኔ በልብስ ጠመኔ አድርጌው አውቶቡስ ውስጥ ተጠርጎ ቀረ።

በልታችሁ ሂዱ። እኔ የሄድኩት ሁዳዴ ላይ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ገብቼ፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ ዳንግላን አልፌ ውኃ ሳልቀምስ ደረስኩ። «ተኛ» ስባል «ወንበሩ ይበቃኛል» አልኩ። ሦስተኛው መርፌ ሲገባ ላብ አጠመቀኝ፤ ጆሮዬ ጭው አለ። ስነቃ ወለል ላይ ነኝ፤ እግሬን ወደ ላይ ይዘውልኛል፤ መርፌዎቹ ተነቅለዋል። ባዶ ሆድ፣ ፍርሃትና መቀመጥ ሲገናኙ ሰው በቀላሉ ራሱን ይስታል። የምትጾሙ ከሆነ ቀጠሮውን ከ9 ሰዓት በኋላ አድርጉትና ቀምሳችሁ ግቡ። አለዚያ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አያጡም። ደግሞም ተኙ።

ሲወጋ እንደ ቁንጫ ንክሻ ነው። ከዚያ ከባድ፣ የሚያደክም ስሜት ይመጣል፤ አንዳንዴ ጡንቻው ራሱ ፍንጥር ይላል። እሱ ጥሩ ነው፤ እናንተ ግን አትፈናጠሩ። ከትከሻ ሥር የሳንባ ጫፍ አለ፤ ድንገት ብትንቀሳቀሱ መርፌው ሊወጋው ይችላል። ሳል ከመጣባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ከሕክምናው በኋላ ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። መርፌዎቹ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያሉ። ስንት እንደገባ ቁጠሩ፤ ሲነቀሉም ቁጠሩ። ቁልፍ የሚተክል ሰው ደንበኛው ሱሪ ውስጥ መርፌ ረስቶ ያውቃል፤ ከራሴ ነው የምናገረው።

ዘመናዊው የሕክምና አኩፓንክቸር የጥንት ቻይናውያን በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል ስለሚሉት «ቺ» ስለሚባል ኃይል አያወራም። መርፌው ነርቭን ይቀሰቅሳል፤ አንጎልም እንደ ኢንዶርፊን ያሉ የራሱን ማስታገሻዎች ይለቃል። ተአምር አትጠብቁ። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ እ.ኤ.አ. በ2012 ለውጥረት ራስ ምታት መከላከያ ከ5 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ እስከ 10 ጊዜ እንዲሞከር መክሯል። በ2016 ደግሞ ለታችኛው ወገብ ሕመም አትስጡ ብሏል። እኔ ከሦስት ከአራት ጊዜ በኋላ ምንም ለውጥ ካላያችሁ ገንዘባችሁን አስቀምጡ ባይ ነኝ።

በዚያ ቀን መኪና አትንዱ፤ እንቅልፍ ይጥላል። ቦታው አንድ ሁለት ቀን ቢጠዘጥዝ ወይም ትንሽ ቢበልዝ አትደንግጡ።

እኔ ስድስተኛው ቀጠሮ ላይ አቆምኩ። ሕመሙ ግን ከወር በኋላ ተመለሰ። ለካ ዱካዬ አጭር ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ትከሻዬን ሰቅዬ ነው የምሰፋው። አናጺው እግሩን አራት ጣት አስረዘመልኝ።