ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ፦ የጓሮ አኳፖኒክስ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ነዋሪዎች

በአኳፖኒክስ ዓሣው የሚተነፍስበት፣ አትክልቱ የሚመገብበትና የዓሣውን ቆሻሻ ወደ ማዳበሪያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ውሃ አንድና ያው ነው። በዚህም ምክንያት ለዓሣው ተብሎ የተጨመረ መድኃኒት ባክቴሪያውን ሊጨርስ፣ ለአትክልቱ ተብሎ የተረጨ ኬሚካል ደግሞ ዓሣውን ሊገድል ይችላል። በሽታ የሚመስለው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ችግር ስለሆነ፣ ማንኛውንም ነገር ወደ ገንዳው ከመጨመር በፊት የውሃውን ሙቀት፣ ፒኤች (የአሲድነቱን ልክ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል)፣ እንዲሁም ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጩትን አሞኒያና ናይትራይት መለካት ያስፈልጋል። ከመለኪያው እኩል የሚጠቅመው ሌላው መረጃ ምልክቱ የታየበት ሰዓት ነው፤ ማለዳ የሚታይ ጭንቀትና ከሰዓት በኋላ የሚታይ ጭንቀት የተለያየ መንስኤ አላቸውና።

ዓሦቹ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አየር ይምጋሉ

ይህ የኦክስጅን እጥረት ምልክት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ በዚህም የተነሣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ደረጃ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ በባሕር ጠለል ደረጃ በሊትር 8.2 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው ቢበዛ ወደ 6.6 ሚሊግራም ነው። ቆሮሶ በደህና እንዲያድግ ከ5 ሚሊግራም በላይ ይፈለጋልና የቀረው ትርፍ ጠባብ ነው። ስለ አኳፖኒክስ የተጻፉ መመሪያዎች ብዙዎቹ ይህንን ከፍታ ታሳቢ አድርገው የተዘጋጁ ስላልሆኑ፣ በእነርሱ ላይ የተቀመጠውን የዓሣ ብዛት እንዳለ መውሰድ አይገባም።

እጥረቱ ማለዳ የሚብሰው፣ ዓሣው፣ ባክቴሪያውና በውሃው ውስጥ ያለው አልጌ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ሲጠቀሙ ስለሚያድሩና ብርሃን በሌለበት ምንም ስለማይተካ ነው። ውሃው አረንጓዴ ከሆነ መንስኤው አልጌ መሆኑ አያጠራጥርም፤ መፍትሔውም ገንዳውን ብርሃን በማያስገባ ክዳን ወይም ሸራ መሸፈን ነው። ነጭ በርሜልና ብርሃን የሚያሳልፍ ታንከር ከውጭ ጥቁር ቀለም ቢቀባ ይመረጣል። በፓምፕ ወደ አትክልቱ የጠጠር መደብ ወጥቶ ተመልሶ የሚወርደው ውሃ ገንዳው ውስጥ የሚገባው ከከፍታ እየተከሰከሰ እንዲሆን ያድርጉ፤ የአየር ፓምፕም ሌሊቱን ሳይቋረጥ ይሥራ። የዓሣው ክብደት፣ ዓሣው አድጎ ለገበታ ሲደርስ፣ በ1,000 ሊትር ውሃ ከ10 ኪሎ ባይበልጥ ይመከራል፤ ይህም ግማሽ ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ 20 ዓሦች ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋም የሚታየው ምልክት ይኸው ነው፤ ዓሣ በተጨናነቀበት ገንዳ ግን ሰዓቱን አይጠብቅም። በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከዋናው ፓምፕ ይልቅ መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ። ባትሪ ከሌለ መብራቱ እስኪመለስ ምግብ ማቆምና የገንዳውን ውሃ በባልዲ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ዓሣውን ያተርፋል። መብራት አዘውትሮ በሚጠፋበት ሰፈር አምባዛን መምረጥም አንድ መላ ነው፤ አምባዛ ከአየር በቀጥታ መተንፈስ ስለሚችል እጥረቱን ከቆሮሶ በተሻለ ይቋቋማል። ሆኖም አምባዛ ትናንሽ ዓሦችን ስለሚበላ መጠናቸው ተቀራራቢ የሆኑትን ብቻ አንድ ላይ ማኖር ያስፈልጋል።

ዓሦቹ ማለዳ ደህና ውለው ከሰዓት በኋላ ይደነብራሉ፣ ምግብም ይተዋሉ

እዚህ ላይ የሚጠረጠረው አሞኒያ ነው። አልጌ በቀን ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውሃው ስለሚስብ ፒኤች ከጠዋት ወደ ከሰዓት ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ፒኤች ሲጨምር ደግሞ በውሃው ውስጥ ካለው ጠቅላላ አሞኒያ መርዛማ የሆነው ክፍል በእጅጉ ይበዛል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ሲሆን መርዛማው ክፍል ከመቶ 0.6 ያህል ብቻ ነው፤ ፒኤች 8 ሲደርስ ግን ከመቶ ከ5 በላይ ይሆናል። ስለዚህ ማለዳ ሲለካ የማያሰጋ የመሰለ የአሞኒያ መጠን ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ዓሣ ሊገድል ይችላል፤ ልኬቱም በሁለቱም ሰዓት መደረግ አለበት።

የአሞኒያው ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ከሚገባው በላይ የተሰጠ ምግብ ወይም ባክቴሪያው ሳይደራጅ የገባ ዓሣ ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ አትክልቱ ወደሚጠቀምበት ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በጠጠሩ ላይ እስኪበዙ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳሉ፤ በብርድ ወራት ከዚህም ይዘገያሉ። ምልክቱ ሲታይ ምግብ ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ከውሃውም ሲሶ ያህሉን ቀድቶ በማውጣት ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት ሆኖ ባደረ የቧንቧ ውሃ ይተኩ። የወጣው ውሃ መሬት ላይ ላለ ጎመን ጥሩ ማዳበሪያ ስለሆነ መደፋት የለበትም። በዚህ ሰዓት ፒኤች ዝቅ ያለ መስሎ ቢታይም ኖራ ወይም አመድ ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ፒኤች በድንገት ሲወጣ ብዙም የማይጎዳው የአሞኒያ ክፍል ወደ መርዛማነት ይለወጣልና። ወደ ምግብ ሲመለሱም ዓሣው በ15 ደቂቃ ውስጥ አንስቶ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይስጡ። በቤት የተዘጋጀ የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ ዱቄቱ እንዳለ ሲበተን አብዛኛው ስለሚሰምጥና ውሃ ስለሚያበላሽ፣ አቡክቶ፣ እንደ ፓስታ አውጥቶና አድርቆ መስጠት ይሻላል። የሻገተ ፋጉሎ መጣል አለበት።

አየር በቂ ሆኖ ሳለ ዓሣው ያለከልካል፣ ስንጥቡም ቡናማ ይሆናል

ይህ የናይትራይት መመረዝ ነው፤ ናይትራይት ወደ ደም ገብቶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከውሃ ቅየራው ጋር በ1,000 ሊትር 1 ኪሎ ጨው አሟሙቶ ቀስ በቀስ መጨመር ናይትራይቱ በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ ይከላከላል። ጨው ከውሃው የሚወጣው ውሃ ሲቀየር ብቻ ስለሆነ ደጋግሞ መጨመር አትክልቱን ይጎዳል፤ ፎሶሊያና እንጆሪ በተለይ አይችሉትም።

በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ዓሣው ከገንዳው ሥር ተኝቶ አይበላም

ቆሮሶ በሚገባ የሚያድገው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ውሃ ነው፤ ከ20 ዲግሪ በታች ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ 16 አካባቢ መብላት ያቆማል፣ ከ12 በታች ከቆየ ይሞታል። ሐይቁ ከስፋቱ የተነሣ ሌሊት ብዙም አይቀዘቅዝም፤ በግቢ ውስጥ ያለ ታንከር ግን በብርድ ወራት ሌሊት የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ሲወርድ ሙቀቱን በቶሎ ያጣል። ዓሣው የጣና ስለሆነ ብርዱን ለምዶታል የሚለው አስተያየት በዚህ ምክንያት ትክክል አይደለም። ገንዳውን እስከ ግማሹ መሬት ውስጥ መቅበር፣ ዙሪያውን በጭድ መሙላትና ሌሊት ላዩን በፕላስቲክ መሸፈን ዋናው መፍትሔ ነው። ውሃው ሙቀቱን የሚያጣው በተለይ በመደቡና በቱቦዎቹ ሲዘዋወር ስለሆነ ሌሊት ዝውውሩን ቀንሶ የአየር ፓምፑን ብቻ ማሠራት ይቻላል። ምግቡ ቀንሶ ውሃው በሚሞቅበት ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ይሰጥ፤ በብርዱ የሚያርፈው ዓሣው ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያውም ነውና ያልተበላው ምግብ በቶሎ ወደ አሞኒያ ችግር ያመራል። በዚህ ወቅት በእጅ የተነካ ወይም በመረብ የተፋቀ ዓሣ ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ሊወጣ ስለሚችል፣ መመዘንና ማዛወር ቢቻል ለመጋቢት ይቆይ።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል

ይህ የብረት እጥረት ነው። የዓሣ ምግብ ለአትክልት የሚበቃ ብረት የለውም፤ ፒኤች ከ7 በላይ ሲሆን ደግሞ ያለውም ዘቅጦ ሥሩ ሊወስደው ወደማይችለው መልክ ይለወጣል። ብዙዎች የዛገ ሚስማር ገንዳው ውስጥ ይጥላሉ፤ ዝገቱ በዚህ ፒኤች ስለማይሟሟ አይረዳም። የሚያስፈልገው ከግብርና ግብዓት መደብር የሚገኝ ኬሌት የሆነ (በውሃው ውስጥ እንዳይዘቅጥ በሌላ ውህድ የተያዘ) ብረት ሲሆን፣ በሊትር 2 ሚሊግራም ብረት እንዲደርስ ተደርጎ ይጨመራል። ዲቲፒኤ የተባለው ዓይነት እስከ ፒኤች 7.5 ድረስ ይሠራል፤ ኢዲቲኤ ግን ከ6.5 በላይ ይደክማል።

ፒኤች ያለማቋረጥ 8 ላይ ከቆመ ምክንያቱን ጠጠሩ ውስጥ ይፈልጉ። ከጠጠሩ ጥቂት ታጥቦ ሲደርቅ አቼቶ ይፍሰስበት፤ ከፈላ የኖራ ድንጋይ አለበትና በሌላ መተካት አለበት። በባሕር ዳር ዙሪያ በቀላሉ የሚገኘው ጥቁርና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አይፈላም፤ ቀዳዳውም ለባክቴሪያው ሰፊ ማደሪያ ስለሆነ ከወንዝ ጠጠር እመርጠዋለሁ። አዲስ የሲሚንቶ ገንዳም ፒኤችን ከፍ ስለሚያደርግ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ተደጋግሞ በውሃ መዘፍዘፍና መታጠብ ይኖርበታል።

ቢጫነቱ ከአሮጌው ቅጠል ከጀመረና መላ ቅጠሉን ካዳረሰ ጉድለቱ የናይትሮጅን ነው፤ ማለትም ለመደቡ ስፋት የሚሰጠው የዓሣ ምግብ አንሷል። ለሰላጣና ለቆስጣ በአንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም የዓሣ ምግብ ይታሰባል፤ ለቲማቲምና ለቃሪያ ከዚህ ይበልጣል። የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ ብቻ ከተቃጠለ ፖታሲየም፣ የቲማቲሙ ፍሬ ከታች በኩል ከጠቆረ ካልሲየም ጎድሏል።

ሁሉም ነገር ዝግ ይላል፣ ፒኤችም ከ6 በታች ወርዷል

ባክቴሪያዎቹ አሞኒያን ሲለውጡ አሲድ ይፈጠራል፤ ስለዚህ በደህና በሚሠራ ገንዳ ፒኤች ቀስ በቀስ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ችግር የሚሆነው ሳይስተዋል ከ6 በታች ሲወርድ ነው፤ ያን ጊዜ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ወደ ማቆም ይደርሳሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ከጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውሃ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህ ቶሎ ይገጥማቸዋል፤ የዝናብ ውሃ አሲድን የሚያረጋጋ ማዕድን የለውምና። ተፈጭቶ በወንፊት ጨርቅ የታሰረ የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ውሃው በሚያልፍበት ቦታ ቢቀመጥ ዝግ ብሎ ያስተካክላል፤ ካልሲየምም ይሰጣል። ፖታሲየም የጎደለ ከሆነ ተዘፍዝፎ የተጣራ የእንጨት አመድ ውሃ ሁለቱንም ጉድለት ይሸፍናል፤ ነገር ግን ኃይለኛ ስለሆነ በጥቂት በጥቂቱ፣ ፒኤች በቀን ከ0.3 በላይ እንዳይጨምር እየተለካ ይሁን። አሞኒያ መኖር አለመኖሩ አስቀድሞ መታየቱ እዚህም ግዴታ ነው።

መደቡ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሥሩም ይቦካል

ዝቃጭ ጠጠሩን ደፍኖ አየር አሳጥቶታል። ጠጠሩን በከፊል አንስቶ በገንዳው በራሱ ውሃ ማጠብ ይገባል፤ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ማጠብ ባክቴሪያውን ይገድላል። እንዳይደገም፣ ውሃው ወደ መደቡ ከመድረሱ በፊት ዝቃጩ የሚቀርበት በርሜል በመካከል ይግባ።

ክሽክሽ በጎመኑ ላይ ወጥቷል

በጠንካራ የውሃ ፍንጣቂ ማጠብና የተጠቃውን ቅጠል ቆርጦ ማውጣት ይበቃል። ለጫት ወይም ለመስክ ቲማቲም ኬሚካል የተረጨበትን መርጫ ታጥቧል ብሎ እንኳ ወደ መደቡ አለማቅረብ ያስፈልጋል፤ በተለይ ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ፀረ ተባዮች በጣም አነስተኛ በሆነ መጠን ዓሣ ይገድላሉ።

ዓሣው ሳያድግ ገንዳው በጫጩት ተሞልቷል

ቆሮሶ ገና ትንሽ ሳለ መራባት ይጀምራል፤ ሴቷም እንቁላሉን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል ጫጩቱ በብዛት ይተርፋል፣ ምግቡንም ይሻማል። መፍትሔው ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማሳደግ፣ ይህ ካልተቻለ ጥቂት አምባዛ አስገብቶ ጫጩቱን እንዲቀንስ ማድረግ ነው። ጫጩት ከሐይቁ ከተያዘ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል በተለየ ዕቃ 2 ሳምንት ይቆይ፤ ስለ ምንጩ የባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችን ማማከር ይጠቅማል። የሐይቅ ውሃ በቀጥታ መቅዳትም፣ ለጥላ ተብሎ እምቦጭ ማምጣትም አይገባም፤ እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ ያደረሰው ጉዳት በቂ ነው። የተትረፈረፈው ጫጩት ለዶሮ ወይም ለአምባዛ ምግብ ይውላል፤ ወደ ጣናም ሆነ ወደ ዓባይ አይለቀቅም።