1961 በማን አቆጣጠር? የጠፈር ፍንጭ ያለው የይለፍ ቃል እንቆቅልሽ አፈታት

በድሬዳዋ ከዚራ ሠፈር፣ የቀኑ ሙቀት በርዶ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ከዛፎቹ ሥር መቀመጥ በሚጀምርበት ሰዓት፣ እኔና ጥቂት ጓደኞቼ የምንጫወተው አንድ ጨዋታ አለ። ተራው የደረሰው ሰው አንድ ፋይል በይለፍ ቃል ቆልፎ በየስልካችን ይልክልናል፤ የይለፍ ቃሉን የሚጠቁም አጭር ፍንጭም አብሮ ይሰጠናል። በልጅነታችን «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያልን የተጫወትነው ጨዋታ ነው፤ ልዩነቱ መልሱን የሚዳኘው ሰው ሳይሆን የይለፍ ቃል መጻፊያው ሳጥን መሆኑ ነው። ሰው «ተቃርበሃል» ይላል፤ ሳጥኑ ግን በአንዲት ፊደል የተሳሳተውንና ጨርሶ ያላወቀውን ለይቶ አያይም።

ብዙ ጊዜ ፍንጮቻችን ስለ ጠፈር ጉዞ የሚናገሩ ናቸው። በዚህ ዘርፍ የተነሣበት ቀን፣ የደረሰበት ደቂቃ፣ የመንኩራኩሩና የተጓዡ ስም ሁሉ ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ በደንብ የተሠራ ፍንጭ አንድ መልስ ብቻ ይኖረዋል። በሌላ ቋንቋ የተጻፉ የአፈታት መመሪያዎች ግን እኛን አብዝተው የሚያሰናክሉንን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የዘመን አቆጣጠራችንንና ፊደላችንን፣ አያነሡም። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ያደከመንን አንድ እንቆቅልሽ ይዤ አፈታቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳያለሁ። ፍንጩ እንዲህ የሚል ነበር፦

«ዘመኑ 1961 ነው። ሦስት ሄዱ፤ ሁለቱ ወረዱ፣ አንዱ በላይ ዞረ። ያወረዳቸውን ወፍ ጥራ፤ እግር አፈሩን የነካው ለስንት አጥቢያ እንደ ሆነም አክልበት። አምስት ቦታ ይበቃሃል።»

በመጀመሪያ እጅዎን ከስልኩ ያርቁ። ብዙ የይለፍ ቃል ሳጥኖች ከጥቂት የተሳሳቱ ሙከራዎች በኋላ ስለሚዘጉ፣ ግምትን እንደመጣ መጻፍ ዕድልን ማባከን ነው። ፍንጩን በወረቀት ላይ ይገልብጡና አንድ ነገር የሚጠይቀውን እያንዳንዱን ቃል ያስምሩበት። ይህ ቅኔ ሲፈታ ኅብረ ቃሉን ከመፈለግ የተለየ ሥራ አይደለም። እዚህ ላይ ኅብረ ቃሉ «ወፍ» ነው፤ ሰሙ በራሪ እንስሳ፣ ወርቁ ደግሞ በወፍ ስም የተሰየመ መንኩራኩር ነው። «ሦስት»፣ «ሁለቱ» እና «አንዱ» ታሪኩን ለመለየት የተሰጡ ምልክቶች ናቸው። «አምስት ቦታ» የሚለው መልሱን የሚለካልን ሲሆን፣ መልሱ ፊደልንና ቁጥርን የሚይዝ መሆኑን ደግሞ «አክልበት» ከሚለው ቃል እንረዳለን።

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱ ይመረመራል፤ አንድ ሙሉ ምሽት የባከነብንም እዚሁ ላይ ነው። 1961ን እንዳየን ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ጋጋሪን» አልን። ዩሪ ጋጋሪን በፈረንጆቹ ሚያዝያ 12 ቀን 1961 በቮስቶክ 1 ተሳፍሮ በ108 ደቂቃ የመጀመሪያውን የሰው ልጅ የጠፈር ጉዞ አድርጎ ተመልሷል፤ ዓመቱ ከፍንጩ ጋር ስለገጠመልን የቀሩትን ቃላት በግድ ልናስማማቸው ሞከርን። ጋጋሪን የሄደው ብቻውን ነው። ፍንጩ ሦስት እያለን እኛ አንዱን ሰው ይዘን ስንከራከር፣ አጠገባችን ተቀምጠው ይሰሙ የነበሩ የባቡር ጡረተኛ ጎረቤታችን «ልጆች፣ 1961 በማን አቆጣጠር ነው?» ብለው ጠየቁን። እኚህ አባት ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋው በነበረ የባቡር መሥሪያ ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ይዘው የኖሩ ስለሆኑ፣ ለእኛ ያልታየን ጥያቄ ለእርሳቸው የመጀመሪያው ነበር።

በእኛ አቆጣጠር 1961 ሰው መጀመሪያ ጨረቃ ላይ የወረደበት የአፖሎ 11 ጉዞ ዓመት ነው። በፈረንጆቹ ሐምሌ 20 ቀን 1969 የሚባለው ቀን በእኛ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ይውላል። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዘመን መለወጫ ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቃለን፤ ሆኖም ይህ እውቀት የጠፈር ታሪክ ላይ ምን ዓይነት ወጥመድ እንደሚሠራ ልብ ብለን አናውቅም ነበር። የጋጋሪን ጉዞ በፈረንጆቹ 1961 ነው፤ ጨረቃ ላይ የወረዱት በእኛ 1961፣ በፈረንጆቹ ደግሞ 1969 ነው፤ ቮያጀር የተባሉት ሁለቱ የናሳ መንኩራኩሮች ወደ ውጪኞቹ ፈለኮች የተላኩት በፈረንጆቹ 1977 ሲሆን ይህ በእኛ ነሐሴ 1969 ይሆናል። በሦስቱ ታሪኮች መካከል ያለው ርቀት በአጋጣሚ ስምንት ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ 1961 እና 1969 እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ታሪክ ይሸከማሉ። ለአማርኛ አንባቢ ፍንጭ የሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አያገኝም።

ስለዚህ በፍንጭ ውስጥ ዓመት ባገኙ ቁጥር በወረቀቱ ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ፤ በአንዱ ዓመቱን እንደ ኢትዮጵያ፣ በሌላው እንደ ፈረንጅ አድርገው ይያዙት፤ ከየዓምዱ ሥር የሚገጥመውን ክንውን ይጻፉና የቀሩትን ቃላት አንድ በአንድ በሁለቱም ይፈትኑ። አንዲት ቃል እንኳ ሳትፈታ የምትቀርበት ዓምድ ይሰረዛል። በእኛ እንቆቅልሽ የጋጋሪን ዓምድ ገና «ሦስት» በሚለው ቃል ወደቀ። በአፖሎ 11 ዓምድ ግን ኒል አርምስትሮንግና ባዝ አልድሪን ወረዱ፣ ማይክል ኮሊንስ ኮሎምቢያ በተባለችው መንኩራኩር ጨረቃን እየዞረ ጠበቃቸው፤ ሁለቱን ያወረደቻቸው መንኩራኩር ስሟ ንስር ነበር። ወፏ ተገኘች።

ቀኑ ቀላል ይመስል ነበር፤ ግን ከሁሉ የረቀቀው ክፍል እርሱ ሆኖ ተገኘ። ንስር ጨረቃ ላይ ያረፈችው በዓለም አቀፍ ሰዓት 20:17 ላይ ነው። በዚህ ላይ 3 ሰዓት ሲደመር የአገራችን ጊዜ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 23:17 ይሆናል፤ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ፣ እሑድ ሐምሌ 13 ማለት ነው። ፍንጩ ግን የጠየቀው ስለ ማረፏ ሳይሆን «እግር አፈሩን ስለ ነካበት» ጊዜ ነው። አርምስትሮንግ መሰላሉን ወርዶ የጨረቃን አፈር የረገጠው ከስድስት ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት በፈረንጆቹ ሐምሌ 21 ቀን 2:56 ላይ ነው። አሜሪካ ያሉት ይህን ሁሉ ሐምሌ 20 ብለው ይጽፉታል፤ እዚያ ገና እሑድ ማታ ነበርና። በእኛ አገር ሰዓት ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነበር፤ ሊነጋ አራት ደቂቃ ቀርቶታል።

ታዲያ ይህ 13 ነው ወይስ 14? ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚል ሰው 14 ይላል፤ ቀንን ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ የሚቆጥር ሰው ደግሞ ገና የእሑድ ሌሊት ነው ብሎ 13 ይላል። ሁለቱም መከራከሪያ አላቸው። እንቆቅልሹን የሠራችው ጓደኛችን ይህን አስቀድማ አስባበት ነበርና «በስንት ቀን» ብላ ሳትጠይቅ «ለስንት አጥቢያ» ብላ ጠየቀች። ሌሊቱ የማንም ቢሆን ሐምሌ 13 ለ14 አጥቢያ መሆኑን የሚክድ የለም። ያን አንድ ቃል ባትጠቀም ኖሮ እንቆቅልሹ ሁለት መልስ ይኖረው ነበር፤ እስካሁን ከሰማኋቸው ፍንጮች ሁሉ በቃል ምርጫው የማከብረው ይህን ነው። ፈቺም ከዚህ የሚይዘው ነገር አለ፤ በፍንጭ ውስጥ ከተለመደው ወጣ ያለ ቃል ሲያጋጥም፣ ያ ቃል የገባው ሌላ በር ለመዝጋት መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

መልሱ እንግዲህ «ንስር14» ነው፤ ሦስት ፊደልና ሁለት አኃዝ፣ በድምሩ አምስት ቦታ። ይሁን እንጂ ልኩ ስለገጠመ ብቻ መልሱ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። የመንኩራኩሯን የእንግሊዝኛ ስም በፊደላችን «ኢግል» ብለን ብንጽፈውም ሦስት ፊደል ነው። ቁጥሩም በግዕዝ አኃዝ «፲፬» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ እርሱም ሁለት ቦታ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ አማራጮቹን በቅደም ተከተል መደርደር ያስፈልጋል፤ ፍንጩ በአማርኛ ስለተጻፈና «ወፍ ጥራ» ስለሚል «ንስር» ይቀድማል፤ በፍንጩ ውስጥ ዓመቱ በተለመደው አኃዝ ስለተጻፈ «14» ከ«፲፬» ይቀድማል። ዓመቱን በግዕዝ አኃዝ «፲፱፻፷፩» ብለው ከጻፉት አምስት ቦታ እንደሚይዝ፣ በተለመደው አኃዝ ግን አራት ብቻ እንደሆነም ልብ ይበሉ፤ የቦታ ቁጥር በተሰጠበት እንቆቅልሽ ይህ ልዩነት ብቻውን መልስ ሊለይ ይችላል።

የፊደላችን ነገር ከዚህም ይሰፋል። የሰው ጆሮ ለ«ሰ» እና ለ«ሠ» ልዩነት አያደርግም፤ ኮምፒዩተር ግን ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ያያቸዋል። «ንስር» እና «ንሥር» ለእርሱ ሁለት ቃል ናቸው። መልሱ «ፀሐይ» ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ፊደል በ2 መንገድ፣ ሁለተኛው «ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ» እና «ኃ» በማለት በ6 መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል በጠቅላላው 12 አጻጻፍ ይኖረዋል። አስራ ሁለቱን ሁሉ ከመሞከር በፊት ፍንጩ ራሱ እነዚያን ፊደላት እንዴት እንደጻፈ መመልከት ይሻላል፤ የሰው የፊደል ልማድ አይለወጥምና። ርዝመቱ በቦታ ሳይሆን በባይት፣ ማለትም ኮምፒዩተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት መለኪያ፣ ከተሰጠ ደግሞ፣ በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት፣ የተለመደው አኃዝ 1 ባይት መያዙን ያስታውሱ፤ «ንስር14» 11 ባይት ነው። የስልክ ቁልፍ ሰሌዳ ቃል ጠቁሞ ሲጽፍልዎ ከኋላው ባዶ ቦታ የሚጨምር ከሆነም ያጥፉት፤ ብዙ ትክክለኛ መልሶች በዚህ ምክንያት ውድቅ ሆነዋል።

ሳጥኑ የላቲን ፊደል ብቻ የሚቀበል ሲሆን አማርኛ ስሞች አዲስ ችግር ያመጣሉ። ደስ የሚለኝ ምሳሌ ድንቅነሽ ናት። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ በተገኘችው ቅሪተ አካል ስም «ሉሲ» የተባለችው የናሳ መንኩራኩር፣ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከማርስ ማዶ ያለውን አንድ ትንሽ አስትሮይድ አልፋ ሄዳለች፤ የአስትሮይዱ መዝገብ ቁጥር 152830፣ ስሙም ድንቅነሽ ነው። የምትዞረውም ትንሽ ጨረቃ «ሰላም» ተብላለች። በእኛ ፊደል አምስት ቦታ የሚይዘው ይህ ስም በላቲን መዝገብ ዘጠኝ ፊደል ነው፤ «ቅ»ም በኬ ፊደል እንጂ በኪው አልተጻፈችም። እንዲህ ያለውን ስም እንደመሰለን ሳይሆን በመዝገቡ እንደሰፈረው መጻፍ ያስፈልጋል።

ፍንጩ ቃል ሳይሆን ሥዕል ወይም የጥቁርና ነጭ ረድፍ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። የካቲት 11 ቀን 2013 ዓ.ም. የናሳ ተሽከርካሪ ፐርሰቪራንስ ማርስ ላይ ስትወርድ የተዘረጋው ፓራሹት ብርቱካናማና ነጭ ቀለሙ እንዲያው ለውበት የተደረደረ አልነበረም፤ አንዱን ቀለም 1፣ ሌላውን 0 ብለው አሥር አሥሩን በአንድነት ያነበቡ ሰዎች ቁጥሮች አገኙ፣ ቁጥሮቹንም በፊደል ተራ ሲመነዝሯቸው «ታላላቅ ነገሮችን ድፈሩ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ወጣ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ምልክት ብቻ ያለበት ረድፍ ሲያዩ በመጀመሪያ ጠቅላላ ብዛቱን ይቁጠሩ፣ ከዚያ በስንት በስንት እንደሚከፈል ይፈልጉ። በፈረንጆቹ 1974 በፖርቶ ሪኮ ከነበረው የአሬሲቦ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ወደ ጠፈር የተላከው መልእክት 1,679 ምልክት የነበረው፣ ይህ ቁጥር ከ23 እና ከ73 ብዜት በቀር ሌላ አከፋፈል ስለሌለው ነው፤ ብዛቱ ራሱ ሥዕሉ የሚደረደርበትን ስፋት ይናገራል።

በስም ቁጥርም አይታለሉ። «ቀድሞ የተነሣው ቮያጀር» ከተባለ መልሱ 2 ነው፤ ቮያጀር 2 ነሐሴ 14 ቀን፣ ቮያጀር 1 ነሐሴ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. ተወንጭፈዋል። ይህ ሁሉ ብልሃት ግን እንድንፈታው ተብሎ ለተሰጠን እንቆቅልሽ ብቻ ነው፤ በሌላ ሰው መለያ ላይ መሞከር ጨዋታ መሆኑ ይቀራል።

በልጅነታችን ጨዋታ መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባል ነበር። እኛም ያን ልማድ ይዘን፣ የተሸነፈ ሰው አንድ ከተማ ሰጥቶ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቅ እንፈቅዳለን፤ እኔ ሁልጊዜ ሐረርን ሰጥቼ የምጠይቀው «በማን አቆጣጠር?» ብዬ ነው። ለሚቀጥለው ምሽት ያዘጋጀሁትን ፍንጭ እነሆ፤ መልሱ አራት ፊደልና አንድ አኃዝ ነው፦

«ዘመኑ 1957 ነው። በሩን ከፍቶ ከቤቱ ወጣ፤ ቤቱም አብሮት ይሄድ ነበር። የወጪውን ስም በአባቱ ሳይሆን በቤተሰቡ መጠሪያ ጻፍ፤ በመጋቢት ስንት ቀን እንደ ወጣም አክልበት።»