ሥርን ሳይነቅሉ በኤሌክትሪክ መለካት

የአኩሪ አተርን ሥር ዕድገት ፖቱ ውስጥ እንዳለ ለመከታተል ካፓሲታንስን (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅምን) የሚለካ ኤልሲአር ሜትር ያስፈልጋል፤ ሥሩ ሲበዛ ካፓሲታንሱም ይጨምራልና። ተራ መልቲሜትር ፍሪኩዌንሲ ስለማያስመርጥ አይሆንም። መሣሪያውን 1 ኪሎኸርዝ፣ 1 ቮልት፣ ፓራለል በሚባለው የመለኪያ ሞድ ላይ ያድርጉት። አፈሩን እስኪጠግብ አጠጥተው ትርፉ ውሃ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ይለኩ፤ አፈሩ ከደረቀ ካፓሲታንሱ ስለሚወርድ ሥሩ ያነሰ ይመስላል። አንዱን መቆንጠጫ ኤሌክትሮድ ጄል በተቀባ ግንድ ላይ፣ ከአፈሩ 1 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ያሲዙ። ሌላውን አፈሩ ውስጥ ከተተከለ የማይዝግ ብረት ዘንግ ጋር ያገናኙ። ቁጥሩ ሲረጋ በናኖፋራድ ይመዝግቡ።

ጣጣው ያለው ከፍታው ላይ ነው። በአፈሩና በመቆንጠጫው መካከል ያለው የግንድ ቁራጭ ራሱ ንባቡን ስለሚወስን፣ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ማለት ቁጥሩን ያወርዳል። ቦታውን በማርከር ምልክት ያድርጉበት። የረጠበ ግንድም ያሳስታል፤ ያድርቁት።

ማይኮራይዛ (ከሥር ጋር ተደጋግፎ የሚኖር ፈንገስ) መኖሩን ካፓሲታንስ ብቻውን አይነግርዎትም፤ ሥሩ ስለበዛም ቁጥሩ ይጨምራልና። ስለዚህ በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከኛ) የተገደለ ፈንገስ የገባባቸው ማነጻጸሪያ ፖቶች ይኑሩ። በመጨረሻ ቀጫጭን ሥሮችን በ10% ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አሙቀው፣ በውሃ አለቅልቀው፣ በቀጭን አሲድ ነክረው፣ በትራይፓን ብሉ ያቅልሙና በማይክሮስኮፕ ይዩ። ፎስፈረስ ማዳበሪያ ካበዙ ግን የሚታይ ፈንገስ ላያገኙ ይችላሉ።