በጣና ዳርቻ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ አጥር ሲዳከም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ላም፣ በግ ወይም ውሻ ለመከለል የኤሌክትሪክ አጥር የዘረጋ ሰው፣ እንስሳቱ አጥሩን መናቅ ሲጀምሩ አስቀድሞ የሚጠረጥረው የኤሌክትሪክ ምት ወደ ሽቦው የሚልከውን ማሽን ነው። ይሁንና ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በአፈሩ፣ በሣሩ ወይም በሽቦው ማያያዣ ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ ማሽን ከመግዛት በፊት የአጥሩንና የኧርዙን (ምቱ በመሬት በኩል ወደ ማሽኑ የሚመለስበትን፣ መሬት ውስጥ የተተከለውን ዘንግ) ገመድ ፈትቶ በማሽኑ ሁለት መውጫዎች መካከል ያለውን ቮልት መለካት ይገባል፤ ንባቡ በመመሪያው ላይ ከተጻፈው ጋር ከተቀራረበ ማሽኑ ደህና ነው። መለኪያው ለኤሌክትሪክ አጥር ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት፤ ተራው መልቲሜትር ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚያልፈውን የብዙ ሺህ ቮልት ምት በትክክል አያነብም፣ ሊቃጠልም ይችላል። በአጥሩ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ለከብት ቢያንስ 3,000፣ ለበግና ለፍየል ከ4,000 በላይ ቮልት ሊኖር ይገባል።

ምልክት፦ መለኪያው ጥሩ ቮልት ያሳያል፣ ላሟ ግን ሽቦውን ተደግፋ ማዶውን ትግጣለች

ይህ ከጥር እስከ ግንቦት የሚታይ ችግር ሲሆን ምክንያቱ ኧርዙ ነው። ምቱ ከማሽኑ ወጥቶ በሽቦው፣ በእንስሳዋ አካልና በሰኮናዋ በኩል ወደ አፈሩ ይወርዳል፤ በአፈሩ አድርጎ ወደ ኧርዙ ዘንግ ካልተመለሰ እንስሳዋ የሚሰማት ንዝረት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የፎገራ ሜዳን የመሰለው ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ከዘንጉ ይለያያል፤ ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ባለበት የባሕር ዳር መሬት ደግሞ ዘንጉ ገና ሳይጠልቅ ከድንጋይ ጋር ይጋጠማል።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ማሽኑ ይጠፋና ከኧርዙ ቢያንስ 100 ሜትር ርቆ በሽቦውና በመሬቱ መካከል የብረት ዘንጎች ይደገፋሉ። ማሽኑ ሲበራ የአጥሩ ቮልት ከ2,000 በታች መውረድ አለበት፤ ካልወረደ ማሽኑን አጥፍቶ ሽቦው ላይ የሚደገፉትን ዘንጎች መጨመር ነው። ከዚያም የመለኪያውን መሬት ነኪ ከመጨረሻው የኧርዝ ዘንግ አንድ ሜትር አርቆ በመትከል የዘንጉ ቮልት ይለካል። ንባቡ ከ300 ቮልት በላይ ከሆነ ኧርዙ አይበቃም።

መፍትሄው እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር የሆኑ ቢያንስ ሦስት ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጡ) ዘንጎችን በሦስት ሜትር ርቀት ተክሎ በአንድ ሽቦ ማገናኘት ነው። ቦታው ዓመቱን ሙሉ እርጥበት የማይለየው ሊሆን ይገባል፤ በዚህ ረገድ የሐይቅ ዳር ባለይዞታ ዕድለኛ ነው፤ ለአጥር ቮልት በተሠራ ሽፍን ገመድ ኧርዙን ወደ ረግረጉ ጠርዝ ማውረድ ይችላልና። ድንጋይ ካስቸገረ ዘንጉን አጋድሞ መምታት ወይም ቦይ ቆፍሮ መቅበር ይቻላል። የቤቱን ኧርዝ ወይም የውኃ ቧንቧን መጠቀም ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የአጥሩ ኧርዝ ከቤቱ ኧርዝ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ አለበት። ይህ ሁሉ ተደርጎ አፈሩ አሁንም ከደረቀ፣ ከሽቦዎቹ አንዱን ከኧርዙ ጋር አገናኝቶ ምቱ ከሚያልፍባቸው ሞቃት ሽቦዎች ጋር ማፈራረቅ ያዋጣል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የነካ እንስሳ አፈሩ ምንም ያህል ቢደርቅ ይነዘራል።

ምልክት፦ ከሰኔ በኋላ ቮልቱ በሽቦው ላይ ራሱ ይወርዳል

እርጥብ ሣር እያንዳንዱን ምት ወደ መሬት ያፈስሳል። ከታችኛው ሽቦ ሥር ያለውን ሣር ማጨድና ለዚያ ሽቦ ለብቻው ማጥፊያ ማድረግ ይበጃል። ሽቦውን በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ በፌስታል ወይም በከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ ማሰር በበጋ የሚሠራ ቢመስልም በዝናብ ይከዳል፤ ጥቁር ጎማ ካርቦን ስላለበት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። የመብራት ሠራተኞች ስኒ የሚሉትን መያዣ ወይም ደህና የፕላስቲክ ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ መያዣ) መግዛት ግድ ነው። የፈሰሰበትን ቦታ ለማግኘት አጥሩን በየክፍሉ እየነጠሉ መለካት ይቻላል፤ በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ የተከፈተ ትንሽ ሬዲዮ ይዞ በአጥሩ ጥግ መሄድም ይረዳል፣ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ወደ ጥፋቱ ሲቀርቡ ይበረታል።

የሐይቁ ውኃ በክረምቱ ማብቂያ ላይ ስለሚሞላ ወደ ውኃው የሚወርደው የአጥር ጫፍ ይሰጥማል፤ ማዕበል የሚገፋው እምቦጭም ሽቦው ላይ ይከመራል። ስለዚህ ያ ክፍል በራሱ ማጥፊያ ከቀረው መለየት አለበት።

ምልክት፦ ቀን የሠራው አጥር ሌሊት ይደክማል

ይህ በሶላርና በባትሪ በሚሠራ ማሽን ላይ የሚታይ የባትሪ ጉዳይ ነው። ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 12.6 ያህል ያሳያል፤ ከ12 በታች ከሆነ ሶላሩን ማጽዳትና በዝቅተኛ ተዳፋት ወደ ደቡብ ማዞር ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ሁሉም ደህና ነው፣ በጎቹ ግን ያልፋሉ

ከአጥሩ ዓይነት ምርጫ የመጣ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ለላም በ50 እና በ90 ሴንቲ ሜትር ሁለት ሽቦ ሲበቃ፣ በግ በ20፣ በ45፣ በ70 እና በ90 አራት ይፈልጋል። ጸጉረ አጭሩ የዋሸራ በግ ከደጋው ባለ ሱፍ በግ ይልቅ ቶሎ ይነዘራል፤ ሁለቱም ግን አጥሩን በአፍንጫቸው እንዲያውቁት በጠንካራ በረት ውስጥ አንድ ሁለት ቀን መለማመድ አለባቸው። ቀንዳም ፍየል በኤሌክትሪክ መረብ ሊጠላለፍና ሊሞት ስለሚችል ለእርሱ ሽቦ ይመረጣል። ለውሻ በ20 እና በ40 ሴንቲ ሜትር የተዘረጋ ባለ ሽቦ የፕላስቲክ ገመድና አነስተኛ ማሽን ይበቃል። ማሽን ሲገዛም የሚጠየቀው የሚያወጣው ጁል (የምቱ ጉልበት መለኪያ) ነው እንጂ የሚያከማቸው አይደለም፤ የአጥሩ ርዝመትም የሁሉም ሽቦዎች ድምር ተደርጎ ይሰላል።

የመብራት ኃይሉን 220 ቮልት በቀጥታ ሽቦ ላይ መልቀቅ ሰው ይገድላል። እሾሃማ ሽቦንም ሆነ የቆርቆሮ አጥርን ከማሽኑ ጋር ማገናኘት፣ በአንድ አጥር ላይ ሁለት ማሽን ማሠራትም የተከለከለ ነው። ነጎድጓድ ሲቃረብ፣ ገና ሳይደርስ፣ ማሽኑን ከአጥሩም ከኤሌክትሪኩም መንቀል፣ መንገደኛ በሚያልፍበት በኩል ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ መስቀል ያስፈልጋል።